ለአባቴ ጠባቂ ፍለጋ ወደ ሊሙ ገነት

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡40፣ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ

ከቤት የወጣሁት አባቴ ቁርሳቸውን በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ሳይበሉ ትቻቸው ብሄድ መንገዱን ሁሉ ያንኑ እያሰብኩ እንደምጓዝ አውቃለሁ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሻይ በሉ፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ዋጡ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ባለችው የእንጨት ወንበራቸው ተቀምጠው እንደ ወትሮው ጠየቁኝ።

«መኪናው መጣ?»

«ገና ነው፣ አባዬ።»

«ሲመጣ ንገረኝ። የአጋሮው ቡና መመዘን አለበት።»

አባቴ ተማም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን አብዛኛውን አጋሮ ውስጥ በአንድ የቡና መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ያ ቤት ሥራ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን በየጠዋቱ ከጅማ ወደዚያ የሚወስዳቸውን የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን መጠበቁ ሲሰለቻቸው ተነስተው ወደ ግቢው በር ይሄዳሉ።

ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ እህቴ ቦንጋ ተድራ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። እኔ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን አውጥቼ እንደ አዲስ እጠቀልላለሁ፤ የወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ፣ የቡና መፈልፈያ ሞተር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣሉ ሞተሮችን እየፈታሁ፣ የሽቦውን ዙር እየቆጠርኩ፣ በደብተር እየጻፍኩ የተማርኩት ነው። የምሠራው ግቢያችን ውስጥ ስለሆነ አንድ ዓይኔ ሽቦው ላይ፣ አንድ ዓይኔ በሩ ላይ ነው የሚውለው።

ለዚህ ጉዞ ያስነሳኝ ከአንድ ወር በፊት የሆነ ነገር ነው። በዚያ ጠዋት አባቴ ወደ በሩ ሲሄዱ አራተኛ ጊዜያቸው ነበር። ሦስቱን ጊዜ በመልካም ቃል መለስኳቸው። በአራተኛው ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ስለቃቸው አራት ጣቶቼ ቆዳቸው ላይ ቀይ ሆነው ቀሩ። አልተቆጡም። ቀና ብለው አዩኝና «ይቅርታ፣ ጌታዬ» አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ገብቼ ከሞተሮቹ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ እጄን መፍራት ጀመርኩ።

ሰፈራችን እድር አለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጃፉ ላይ ነው። በሕይወት እያለ ለሚደክም ሰው፣ እሱን ለሚጠብቀውም ሰው ግን ደንብ የለውም። ይኑረው ብዬ ጠይቄም አላውቅም። ለመጠየቅ መጀመሪያ የአባቴን ነገር መናገር ነበረብኝ።

ከሊሙ ገነት ሞተር ይዞ የመጣ አንድ ደንበኛ ነው ያወራኝ። እነሱ ዘንድ አዛውንት የሚጠብቁ ሰዎች ዳዶ አላቸው አለኝ። ዳዶ በኦሮሞ ገበሬ ዘንድ እንደ ወንፈል ነው፤ ዛሬ ያንተን ቡና እለቅማለሁ፣ ነገ የኔን ትለቅማለህ። እነዚህ ግን ቀን የሚለዋወጡት ለለቀማ ብቻ አይደለም። አዴ ዘሃራ የምትባል ሴት ናት ያስጀመረችው ብሎ ስልኳን ሰጠኝ። ደወልኩላት፤ «በዓይንህ መጥተህ እይ» አለችኝ።

አባቴን የተውኩት ለሁለት ሰው ነው። ቀን ቀን ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ፤ ከሆሳዕና መጥታ አጥራችንን ተደግፋ ሱቅ ከከፈተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ለሌሊቱና ለሚያስፈልገው ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ለሙክታር፤ ባጃጅ ይነዳል። በካሬ ወረቀት አሥራ አራት መስመር ጽፌ ሰጠኋቸው፦ ኪኒኑ በስንት ሰዓት፣ ሻዩ ምን ያህል ስኳር፣ የትኛው ትራስ ከየትኛው በላይ፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ የትኛው ክንዳቸው እንደሚያዝ።

ሙክታር አንብቦ ሳቀ። «ይኼ የአባባ ነው የሞተር?»

«ተወው እባክህ» አለች እትዬ አስካለ። «እሱ ጨው ስሸጥለት እንኳ ፍሬውን ይቆጥራል። ይልቅ ነዚፍ፣ አባባ እንዴት ናቸው? ከወጡ ቆዩ።»

«ትንሽ ደክመዋል እንጂ ደህና ናቸው» አልኳት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላስታውስም። ስልኬን ሞላሁ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ በሩ መዘጋቱን ለማየት ከውጭ ሁለቴ ነካሁት።

2፡55፣ አጋሮ

የአጋሮ ሚኒባስ ሞልቶ የተነሳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሒሳቡ መቶ ሃምሳ ብር። ከሹፌሩ ጀርባ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ መንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው፤ የቤት ደጅ ላይ የተሰጣ፣ በሽቦ አልጋ ላይ የተዘረጋ፣ አህያ ላይ በጆንያ የተጫነ። ሴቶች ፍሬውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። በሌላ ቀን ደስ ይለኝ ነበር። የቡ ከተማ ስንደርስ ደወልኩ።

«አሁን ነው እኮ የወጣኸው» አለችኝ እትዬ አስካለ። «ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሂድ፣ አንተ።»

አጋሮ ላይ ጨጨብሳ በላሁ፤ ግማሹን ተውኩት። የሊሙ ገነት መኪና እስኪሞላ ጊዜ ስለነበረኝ አባቴ ይሠሩበት የነበረውን ቤት ልየው ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ከገበያው በስተጀርባ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ በትልቁ በር ላይ ያለው ቁልፍም እንዲሁ። ጣሪያው ወጣ ያለበት ሥር የመሬት ሚዛኑ ንጣፍ አሁንም አለ። በሩ ጥግ በርጩማ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ማንንም። አባቴ ድሮ እዚህ ይሠሩ ነበር። ተማም ይባላሉ።»

«ተማም ሚዛን?» ብድግ አሉ። «አንድ ፍሬ ያለ አግባብ የማያሳልፉት? አሉ እንዴ?»

«አሉ። ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው መጥተው ይዩን። ጓደኞቻቸው ሁሉ አለቁ በላቸው፤ ወርቁ ብቻ ቀረ በላቸው።»

እሺ አልኳቸው። ስልክ ቁጥሬን ልተውላቸው አላሰብኩም። ለምን ብዬ?

6፡40፣ ሊሙ ገነት

ከአጋሮ ሊሙ ገነት ያለው መንገድ አቧራና ጠጠር ነው። ሁለት መቶ ብር ከፈልኩ። መኪናው በየመንደሩ እየቆመ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከፍ ያሉ ዛፎች ከላይ፣ ቡናው ከሥር፤ በመካከሉ በየቦታው ቅርጫት ወገባቸው ላይ ያሰሩ ለቃሚዎች ይታያሉ። ስልኬ መስመር የሌለበትን ቦታ ሁሉ በሰዓት ያዝኩ። ሦስት ቦታ ነው፤ ትልቁ ሃያ አምስት ደቂቃ።

አዴ ዘሃራ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። አማቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ስደርስ ጎደሬ ቀቅላ፣ ዳጣ አጠገቡ አድርጋ ጠበቀችኝ፤ እየላጠች አማቷን ታጎርሳለች፣ እየላጠች ለእኔ ታቀርባለች።

«ያ ነዚፍ» አለች፣ በኦሮሚኛ መጥራቷ ነው። «ብላ። አንተም ከሳቸው አትሻልም።»

ነገሩን እዚያው አልጋው አጠገብ ሆና ነገረችኝ። ቡና ሲደርስ አንድ ቤት ሙሉ ወደ ጫካ ይወጣል። ቤት የሚቀሩት አዛውንት ብቻ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቷ አባቷን ደጅ አስቀምጣ ለቀማ ውላ ስትመለስ ሽማግሌውን እሳት አጠገብ ወድቀው አገኘቻቸው። ተረፉ፤ ግን ከዚያ በኋላ ልጅቱ ለቀማ መውጣት አልቻለችም፣ ቡናዋ ዛፍ ላይ ደረቀ። ያኔ ሰባት ቤት ተነጋገሩ። ቀን በቀን ይመለሳል፦ አንዱ የሌላውን አባት ከጠበቀ፣ ያኛው አንድ ቀን ቡናውን ይለቅምለታል፣ ወይም በተራው ይጠብቅለታል። ቤት ውስጥ አዛውንት የሌለው ሰውም ይገባበታል፤ የሚለቀም ቡና ካለው ይበቃል።

«ደንቡ ይኼው ነው?» አልኳት። ደብተሬን አውጥቼ እጽፍ ነበር።

«አንድ ሌላ አለ። ስትገባ ሁሉም ባሉበት ትናገራለህ። አባትህ ምን ያደርጋሉ፣ ምን ይላሉ፣ አልጋቸው ላይ ምን ይሆናል። አንተስ ምን አደረግክ። እኔ አማቴን አንድ ቀን ሳላበላ እንደዋልኩ ተናግሬያለሁ። ተናድጄ ነው ያላበላኋቸው።»

አማቷ ይሰሙ ነበር። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አንስተው መለሱት።

«እሱ ለምን አስፈለገ?» አልኩ።

«ሳታውቅ ምኑን ትጠብቃለህ?» አለች።

ደብተሬን ዘጋሁ። ማታ ደወልኩ፤ አባቴ እራታቸውን በልተው ተኝተዋል፣ ሙክታር በረንዳው ላይ ነው። እኔ ግን በደንብ አልተኛሁም።

ዓርብ፣ 3፡30

ጠዋት አንድ የዳዶውን ቤት አሳየችኝ። አባ ዲጋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ቀን የሚጠብቃቸው ከድር የሚባል አናጢ ነው። ሽማግሌው በየማለዳው በቅሎዬን ውሃ ላጠጣ ብለው ይነሳሉ። በቅሎዋ ከተሸጠች አሥር ዓመት አልፏታል።

«ተሸጠች ብላቸው ምን ይሆናል?» አልኩት ከድርን።

«ያለቅሳሉ። ነገ ደግሞ ይረሱታል፣ ደግሞ ያለቅሳሉ። ሰውን በየቀኑ ማርዳት ነው።»

ከድር ከግድግዳው ላይ ባዶ ልጓሙን አውርዶ ለሽማግሌው ሰጣቸው። እሳቸው ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እኔ ከሁለቱም ኋላ ሆነን እስከ ጅረቱ ሄድን። አባ ዲጋ ቆመው ውሃውን አዩ፣ ዙሪያቸውን አዩ።

«ጠጣች?»

«ጠጣች» አለ ከድር። «ጠገበች።»

በሰላም ተመለሱ። ያየሁትን በሙሉ ጻፍኩ። ከሁሉ የገረመኝ ከድር እንዳልቸኮለ ነው።

ወደ አዴ ዘሃራ ቤት ስንመለስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «አንተስ አባትህን ለማን ተውካቸው? ምን ነገርካቸው?» አለችኝ። የወረቀቱ ግልባጭ ደብተሬ ውስጥ ስላለ አነበብኩላት፤ አሥራ አራቱንም መስመር። ደስ ብሎኝ ነበር የማነበው።

ሰምታ ጨረሰችና «የት መሄድ ይወዳሉ?» አለች።

«እንዴት?»

«ሲነሱ ነዋ። የኛዎቹ ሁሉ የሚሄዱበት አላቸው። ያንተ አባት የት ነው የሚሄዱት? እሱን የቱ መስመር ላይ ጻፍከው?»

አልጻፍኩትም። በሩ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። በሩን ብጽፍ ለምን ብለው ይጠይቁኛል፣ ከጠየቁኝ ስለ አእምሯቸው እናገራለሁ፣ ከተናገርኩ ክንዳቸውን እናገራለሁ። ስልኬን አወጣሁ።

6፡00 ላይ እትዬ አስካለ አላነሳችም። ሙክታርም አላነሳም። 6፡35 ላይ ሙክታር ራሱ ደወለ፤ ድምፁ ደስ ያለው ነው።

«አንተ፣ አባባ ዛሬ ጎበዝ ሆነዋል። ጁምዓ ልሂድ አሉኝ። ጫማቸውን ወልውዬላቸው፣ ኮፊያቸውን አድርጌላቸው፣ በባጃጅ መስጊድ ደጃፍ ድረስ ነው ያደረስኳቸው። ሰው እንዴት እንዳከበራቸው ብታይ። ወደ መጀመሪያው ረድፍ አሳለፏቸው።»

«አንተ የት ነህ?»

«ውስጥ ሞልቷል፣ እኔ ግቢው ላይ ነኝ። ሊጀመር ነው፣ ቻው።»

ሙክታር የተሳሳተው ነገር አልነበረም። አንድ አዛውንት ለጁምዓ ልውጣ ሲል የትኛው የጅማ ልጅ ነው በር የሚዘጋበት?

7፡25 ላይ ደወልኩ። «ሶላቱ አልቋል፣ ሰው እየወጣ ነው» አለኝ። «አይዞህ፣ ገና ውስጥ ናቸው። ጥቁር ጫማቸው እዚህ መደርደሪያው ላይ ነው፣ አጠገቡ ቆሜያለሁ።»

ይህን ስሰማ ትንሽ ተነፈስኩ። አዴ ዘሃራ ግን አልተነፈሰችም። «ገብቶ ይያቸው በለው» አለች። መልሼ ስደውል መስመሩ ተያዘ። ከዚያ ጠፋ።

8፡05 ላይ ደወለ።

«ነዚፍ፣ ውስጥ የሉም። ወላሂ ጫማቸው አሁንም እዚህ አለ። በጎን በር ነው የወጡት፤ ሰው ሱጁድ ላይ ተደፍቶ እያለ ተነስተው ሲሄዱ አንድ ልጅ አይቷቸዋል።»

«ባዶ እግራቸውን?»

«አላውቅም።»

8፡40፣ ከሊሙ ገነት ወደ አጋሮ

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን የቀን ኪኒን ሳይውጡ፣ መኪና በሚበዛበት ጎዳና። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

አዴ ዘሃራ ግን ጥያቄ ላይ ነች። «በየቀኑ የሚጠይቁህ ነገር ምንድን ነው?»

«መኪናው መጣ ወይ ይላሉ።»

«መኪናው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አጋሮ» አልኩ፤ ስናገረው ተነሳሁ።

አዴ ዘሃራ አጋሮ ውስጥ ፋጡማ የምትባል እህት አላት። የቡናውን ቤት ቦታ ነገርኳት፣ እሷ ለእህቷ ደውላ በኦሮሚኛ በፍጥነት ነገረቻት። ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው በእግሯ ይዛኝ ሄደች። ሊነሳ የነበረውን ሚኒባስ አስቁማ፣ ከፊት ተቀምጦ የነበረውን ሰው አስነስታ አስቀመጠችኝ።

«ያ ኢልማ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። «ስታገኛቸው አትጠይቃቸው። የት ነበሩ አትበላቸው።»

ስታገኛቸው ያለችኝ ለማጽናናት ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ።

መንገዱ ያው ነው፤ ትላንት ያየኋቸው ዛፎች፣ ያው አቧራ። አሁን ግን የማየው ሰው ብቻ ነበር። በመንገድ ዳር የሚሄድ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር አባቴ አለመሆናቸውን እያወቅሁ፣ እዚህ ድረስ ሊመጡ እንደማይችሉ እያወቅሁ፣ ፊታቸውን እስካይ ዞሬ አያለሁ። ሁለተኛው መስመር የሌለበት ቦታ ላይ ልንገባ ስንል ስልኬ ጮኸ። ፋጡማ ነበረች።

«ነዚፍ ነህ? ስማ፣ አባትህን...»

ተቆረጠ።

ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ። አንድ ቁጥር ደጋግሜ ነካሁ፣ ደጋግሞ እምቢ አለኝ። የተቆረጠው ቃል ምን እንደነበረ የማልገምተው አልነበረም፤ አባትህን አገኘን፣ አባትህን አጣን፣ አባትህን ሐኪም ቤት ወሰድን፣ አባትህን መኪና። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ውሃዋን ሰጠችኝ፤ ክዳኑንም ራሷ ከፈተችልኝ። ምን ሆንክ አላለችኝም። ትንሽ ቆይቼ ግን ነገርኳት፤ ሁሉንም። ለማላውቀው ሰው ነው መጀመሪያ የነገርኩት። «የኔም አክስት እንዲህ ናት» አለችና ውጭውን ማየት ቀጠለች።

መስመሩ ሲመለስ የፋጡማ መልእክት ገባ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ኦሮሚኛ ነው፤ ሁለት ቃል። እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይላል።

10፡30፣ አጋሮ

ከመኪናው ወርጄ ሮጥኩ። በገበያው ጀርባ ዞሬ ስደርስ አባቴ በዛገው በር ሥር በጋሽ ወርቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወርቁ መሬት ላይ። ፋጡማ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች፤ ነጠላዋን በአባቴ ጉልበት ላይ ጥላዋለች። ኮፊያቸው ቀጥ እንዳለ ነው። እግራቸው ላይ ያለው ግን የማላውቀው ቡናማ ጫማ ነው፤ ይሰፋቸዋል፣ ማሰሪያው አልታሰረም።

ነገሩን በኋላ ቁርጥራጩን አገጣጥሜ ነው ያወቅኩት። በጎን በር ሲወጡ ያገኙትን ጫማ አደረጉ። ወደ መናኸሪያ የሚወስደውን መንገድ ሲጠይቁ አንድ ወጣት እጃቸውን ይዞ አደረሳቸው። የአጋሮ ሚኒባስ ረዳት ከፊት አስቀመጣቸው። ሒሳብ ሲጠየቁ አንድ ተሳፋሪ ከፈለላቸው። አጋሮ ላይ ሌላ ሰው መንገድ አሻገራቸው። አንድም ሰው አልበደላቸውም። ሁሉም እያከበራቸው፣ ሁሉም እየረዳቸው፣ ከእጃችን ወጥተው አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄዱ።

«ስልክህን አለመውሰዴ!» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። «ደህና ናቸው ብለኸኝ ሄድክ። ሚዛኑን ክፈትልኝ ሲሉኝ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ቁልፉ ከአለቃ ጋር ነው አልኳቸው። እውነትም ድሮ እንደዚያ ነበር።»

ከፊታቸው ተንበረከክሁ። የት ነበሩ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። አባቴ አተኩረው አዩኝ።

«ዘገየህ» አሉኝ።

«መንገዱ ነው ያዘገየኝ፣ አባዬ።»

«መኪናው አልመጣም። ሚዛን ቤቱም አልተከፈተም።»

«ዛሬ አይመዘንም ተብሏል። ወደ ቤት እንግባና ነገ እንጠብቀው።»

አሰቡበት። ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡኝ፤ ያንኑ ክንድ። ከሥሩ ደግፌ፣ ጣቶቼን ዘርግቼ ያዝኩት። ለፋጡማ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ አልኳት፤ ከዚህ ሌላ ቃል አላገኘሁም። የጋሽ ወርቁን ስልክ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

12፡20፣ መንደራ ቆጪ

ወደ ጅማ ስንመለስ አባቴ ትከሻዬ ላይ ተኙ። እኔ ሁለቱንም እግራቸውን እያየሁ መጣሁ።

ሙክታር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጥቁሩን ጫማ ይዞታል። አባቴን አይቶ ዞሮ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ አስካለ ሱቋን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ዘግታ ስትፈልግ ውላለች።

«እንዴት እምቢ ልበላቸው፣ ነዚፍ?» አለኝ ሙክታር። «ጁምዓ እኮ ነው ያሉኝ።»

«አንተ አላጠፋህም። እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ።»

እዚያው በረንዳው ላይ ነገርኳቸው። መኪናውን፣ በሩን፣ አልጋቸው ላይ የሚሆነውን፣ አራቱን ጣቶች። እትዬ አስካለ ወረቀቱን ከመቀነቷ አውጥታ አየችው።

«አሥራ አራት መስመር ሙሉ ስኳር ጽፈህ» አለች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ለብቻህ ነበርክ እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ?»

እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ያንኑ ደገምኩት። ሃያ ሰባት ሰው ነበር። ተቀመጥኩ። ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ «የኔ እናት ደግሞ በመስኮት ነው የምትወጣው» አለች። ሌላ ሰው ቀጠለ። ከአራት ቤት ሰው ተናገረ። ከእኛ በር ሦስተኛው ቤት ያለውን እንኳ አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ ከፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ ሐጂ ሰዒድ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እጃቸውን አነሱ። እኔ ሊገስጹኝ መስሎኝ ነበር።

«ያ ቡናማ ጫማ ያለው አንተ ዘንድ ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ። ወልውዬ ላመጣልዎት ነበር።»

«ከጁምዓ በነጠላ ጫማ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። ሌባ ሰደብኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ሰዉ ሳቀ። «እንግዲህ ጫማዬ ከተማም ጋር አጋሮ ደርሶ መጥቷል፤ እኔ መቅረት የለብኝም። ዓርብ የኔ ይሁን። ሌላውን ቀን ተካፈሉት።»

ተካፈሉት። እኔም ሁለት ቀን ያዝኩ፤ አንዱን በመስኮት ለሚወጡት እናት፣ አንዱን ለሌላ ቤት። የሊሙውን ደንብ ከነአማርኛው አነበብኩላቸው፤ የመናገሩን ደንብ መጀመሪያ ላይ አደረግሁት።

ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ይኸው ነው። አባቴን አርባ ኪሎ ሜትር የወሰዳቸው የእኔ ዝምታ ነው። ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ ሞተር ስጠቀልል ዙር እየሳትኩ ከመጀመሪያው የምቆጥርበት ቀን ብዙ ነው።

የሚቀጥለው ዓርብ ሐጂ ሰዒድ በስድስት ሰዓት መጥተው አባቴን ወሰዱ። አልተከተልኳቸውም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልኩን አየሁት፣ አስቀመጥኩት። ሩብ ጉዳይ ለስምንት ላይ በሩ ተንቋቋና ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀስ ብለው ገቡ። መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ጥቁሩ የአባቴ እግር ላይ፣ ቡናማው የሐጂ እግር ላይ ነበር።

አባቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ወደ ጎን ዞሩ።

«መኪናው መጣ?»

አፌን ልከፍት ስል ሐጂ ሰዒድ በርጩማ ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«መንገድ ላይ ነው፣ ተማም» አሉ። «እስኪመጣ አብረን እንጠብቀው።»